የአጥንት ምስክርነትና የቋንቋ ቤተሰብ ስም፦ ስለ ሞታ ዋሻው ባይራና ስለ እናት ሐረግ ጥናቶች የቀረበ ሂስ

በ2012 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካትሪን አርተርና ጆን አርተር ከባልደረቦቻቸው ጋር በጋሞ ደጋ ከሚገኘው ሞታ ዋሻ የአንድ ጎልማሳ ወንድ አጽም ቆፍረው አወጡ። አጽሙ 4,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ከውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ ካለው ጠጣር አጥንት የተወሰደው ዲ ኤን ኤ በሞቃት አገሮች ከሚጠበቀው በላይ ሳይበላሽ ስለ ቆየ፣ ጋዬጎ ዮሬንቴ፣ ማኒካ፣ ፒንሃሲና ባልደረቦቻቸው በ2015 በሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ከአፍሪካ ምድር የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ጂኖም ተብሎ ተመዘገበ። ለሟቹም ባይራ የሚል ስም ወጣለት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ባይራ ስለ አፍሪካ ቀንድ ሕዝቦች አመጣጥ ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚጠራ ምስክር ሆኗል። ከሚጠሩት መካከል የቋንቋ ሊቃውንትም አሉ።

ምስክሩ ስለ ምን ሊመሰክር ይችላል? ባይራ በየትኛው ቋንቋ ይናገር እንደ ነበር አጥንቱ እንደማይናገር የሚክድ ተመራማሪ የለም። ችግሩ የሚመጣው ቀስ ብሎ፣ በስያሜ በኩል ነው። በዘረመል ጽሑፎች ውስጥ የቋንቋ ቤተሰብ ስም ሁለት ጊዜ ይገባል። በመጀመሪያ የናሙና ሰጪዎቹ መለያ ሆኖ በሰንጠረዡ ላይ ይሰፍራል፤ «ኦሞአዊ»፣ «ኩሻዊ»፣ «ሴማዊ»፣ «ናይሎቲክ» ይባላሉ። በኋላ ደግሞ በውይይቱ ክፍል ውጤት መስሎ ይወጣል፤ የዘረመል ልዩነቱ ከቋንቋ ቤተሰቦቹ ጋር ገጠመ ይባላል። የቋንቋ ሊቅ ይህን ውጤት ወስዶ ለምደባው ማረጋገጫ ሲያደርገው ክቡ ይዘጋል። ሁለቱ የትምህርት ዘርፎች እርስ በርስ የሚደጋገፉ ይመስላሉ፤ በእርግጥ ግን አንዱ ለሌላው ያበደረውን መልሶ እየተቀበለ ነው።

ስሙን ራሱን እንመልከት ቢባል፣ ባይራ የሚለው አጠራር በአካባቢው ሕዝብ ቋንቋ የተሰጠ የአክብሮት ስም ነው፤ አጽም በዋሻ ስምና በቁጥር ብቻ ከሚጠራ ይህ ይሻላል። ሆኖም ስሙ ሳይታወቅ አንድ ሐሳብ ያስርጻል። ጋሞኛ ዛሬ በዚያ ደጋ ይነገራል፤ ከ4,500 ዓመት በፊት ግን በዚያ የነበረው ቋንቋ የጋሞኛ አያት ይሁን ወይም ዘር ሳይተካ የጠፋ ሌላ ልሳን ይሁን የሚነግር መረጃ የለም። ጋሞኛን፣ ወላይትኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን የወለደው ጥንተ ኦሜቶ፣ በቅርንጫፎቹ መቀራረብ ሲገመት፣ ከባይራ ዘመን እጅግ የቀረበ ነው። የጋሞኛ ስም የተሸከመ አጽም ጋሞኛ ተናጋሪ አድርጎ የሚያስበው አንባቢ ሊወቀስ አይገባም፤ ጽሑፎቹም ሊያስጠነቅቁት ይገባ ነበር።

ለቋንቋ ጥናት ይበልጥ ክብደት ያለው ግን የአሪ ጉዳይ ነው። የ2015ቱ ጥናት ባይራን ከዛሬ ሕዝቦች ጋር ሲያነጻጽር ከሁሉ ይበልጥ የቀረበው ለአሪዎች ሆኖ አገኘው፤ አሪዎቹንም ኦሞአዊ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሲል ገለጻቸው። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ተነሥቶ «ኦሞአውያን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥንተ ነዋሪዎች ናቸው» ወደሚል ድምዳሜ መሻገር ቀላል ነው፤ ብዙዎችም ተሻግረዋል። ነገር ግን «ኦሞአዊ» የሚለው ስም ራሱ ክርክር የበዛበት ነው። ማርቲኖ ሞሬኖ በ1940 እነዚህን ቋንቋዎች ምዕራብ ኩሻዊ ብሎ መድቧቸው ነበር። ሃሮልድ ፍሌሚንግ በ1969 ከኩሻዊ አውጥቶ ራሱን የቻለ የአፍሮ እስያዊ ቅርንጫፍ አደረጋቸው፤ ላየኔል ቤንደርም በ1975 አጸናው። አንድርዜይ ዛቦርስኪ ወደ ምዕራብ ኩሻዊነታቸው ሊመልሳቸው ተከራከረ። ሮልፍ ቴይል ደግሞ በ2006 ኦሞአዊ አፍሮ እስያዊ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ አልቀረበም አለ። የግሎቶሎግ ምደባ ዛሬ ከዚህም አልፎ ሰሜን ኦሞአዊ የሚባሉትን አብዛኞቹንና ደቡብ ኦሞአዊ የሚባሉትን ዝምድናቸው ያልተረጋገጠ የተለያዩ ቤተሰቦች አድርጎ ያሰፍራቸዋል።

ነገሩ የሚጎላው እዚህ ላይ ነው። አጽሙ የተገኘበት ምድር ቋንቋ፣ ጋሞኛ፣ የሰሜኑ ወገን ነው። የዘረመል ቅርበቱ የታየው አሪኛ ከሐመርኛና ከዲምኛ ጋር በሚመደብበት በደቡቡ ወገን ነው። የዚህን ወገን የተውላጠ ስም ሥርዓት ከናይሎ ሰሃራዊ ጋር የሚያስተያዩም አሉ። ለጋሞኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው ወላይትኛ ተናጋሪዎች ናሙና በንጽጽሩ መረጃ ውስጥ ነበረ፤ ከባይራ ጋር በመቅረብ የቀደሙት ግን አሪዎች ናቸው። የቋንቋ ቤተሰብ ስም መረጃውን የሚያስረዳ ቢሆን ኖሮ፣ የጋሞን አጽም ከአሪ ይልቅ ወደ ወላይታ ማስጠጋት በተገባው ነበር። ለውጤቱ ቀለል ያለ ማብራሪያ አለ፦ አሪዎች ከውጭ በኋላ የገባው የዘር ድብልቅ ያነሰባቸው ሕዝብ ናቸው። ይህ ስለ ጋብቻና ስለ መገለል ታሪክ ብዙ ይናገራል። አሪኛ ከጋሞኛ ጋር አንድ ግንድ ስለ መኖሩ ግን አንዳች አይጨምርም፤ አንዳችም አይቀንስም።

የአሪዎች ታሪክ ሌላም ትምህርት ይሰጣል፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ሳይጠቅሱት ማለፋቸው ያስገርማል። ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ በ2012 ከ10 የኢትዮጵያና ከ2 የጎረቤት ሕዝቦች ናሙና ወስደው ባወጡት ጥናት የአሪ ገበሬዎችና የአሪ ቀጥቃጮች በዘረመል ተራርቀው ታዩ። ቀጥቃጮቹ በገበሬዎቹ የተዋጡ የቀደሙ ነዋሪዎች ቅሪት ይሆናሉ የሚለው የቆየ መላ ምት ድጋፍ ያገኘ መሰለ። በ2015 ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦቿ ያንኑ መረጃ በሌላ ስልት መርምረው ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ አንድ የነበሩ መሆናቸውን፣ የተራራቁትም ቀጥቃጮቹ በጋብቻ ስለ ተገለሉና ቁጥራቸው ስላነሰ መሆኑን አሳዩ። ሁለቱም ወገኖች አሪኛ ይናገራሉ። «ባዕድ ዘር ናቸው» የሚለው ለዘመናት እጅ ባለሞያዎችን ሲያስንቅ የኖረ አባባል በአንድ የስልት ምርጫ ምክንያት ሳይንሳዊ ልብስ ለብሶ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እዚህ ላይ የቋንቋው አንድነት ቀድሞ ቢመዘን ኖሮ የመላ ምቱ ደካማነት ቶሎ በታየ ነበር፤ ቋንቋ የዘረመልን መላ ምት የሚፈትንበት ጊዜም አለና።

የባይራ ጥናት ራሱ በሌላ በኩል እርማት አስፈልጎታል። በመጀመሪያው ኅትመት ከአውሮፓና እስያ ወገን ወደ አፍሪካ የተመለሰው የዘር ፍሰት እስከ ዮሩባና እስከ ምቡቲ ድረስ ደርሷል ተብሎ ነበር። በ2016 መጀመሪያ ደራሲዎቹ ራሳቸው እርማት አወጡ፤ በሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች መካከል መረጃውን የሚያስማማው ሥራ ባለመከናወኑ፣ ባይራ ከማመሳከሪያው ጂኖም ጋር የሚመሳሰልባቸው ብዙ ቦታዎች ከትንተናው ወጥተው ነበር። የምሥራቅ አፍሪካው ድምዳሜ ጸንቶ፣ አህጉሩን ሁሉ ያዳረሰው ወደቀ። እርማቱ በግልጽ መቅረቡ የሚያስመሰግን ነው። በአካባቢው የታሪክና የቋንቋ ጽሑፎች የመጀመሪያው ድምዳሜ የተጓዘውን ያህል እርማቱ አለመጓዙ ግን የአንባቢዎቹ ኃላፊነት ነው።

የእናት ሐረግን የተመለከተው ክፍል ከቃላት ይጀምራል። ማይቶኮንድሪያ በሴል ውስጥ ያለች፣ 16,569 ፊደል ብቻ የሚረዝም የራሷ ዲ ኤን ኤ የያዘች ክፍል ናት። እናት ለወንድም ለሴትም ልጆቿ ታስተላልፋለች፤ ወንዱ አያስተላልፍም። የባይራ ማይቶኮንድሪያ ኤል 3 ኤክስ 2 ኤ ከሚባለው ምድብ ነው፤ የኤል 3 ኤክስ ሐረግ ዛሬም በምሥራቅ አፍሪካ ይገኛል። ይህን «የባይራ የእናት ዘር» ብሎ ወደ አማርኛ መመለስ ትክክል ይመስላል፤ አንባቢው የሚረዳው ግን ሌላ ነው። በአማርኛ «በእናቴ በኩል» ሲባል የእናት አባትም፣ የእናት አባት እናትም ይቆጠራሉ። በቀድሞው የርስት ሥርዓት ባለ መብቱ ወደ መጀመሪያው አቅኚ የሚያደርሰውን ሐረግ ሲቆጥር ወንድና ሴት እየተፈራረቁ ቢገቡበት መብቱ አይጓደልም ነበር። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠርም ሁለቱም ወገን ይቆጠራል። የማይቶኮንድሪያ ሐረግ ግን እናት፣ የእናት እናት፣ የእናት እናት እናት እያለ ይሄዳል፤ አንድ ወንድ ከገባበት ይቆረጣል። ማንም ሰው 10 ትውልድ ወደ ኋላ ቢቆጥር 1,024 የቅድመ አያት ቦታዎች ይኖሩታል፤ ማይቶኮንድሪያው የሚያወሳው አንዷን ብቻ ነው። (ሐረግ የሚለው ቃል በሰዋስውም ማገልገሉ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሌላ ግርታ ቢጨምር አያስደንቅም።) «የእናት ዘር» ከሚለው ይልቅ «ከእናት ወደ እናት የሚወርድ ሐረግ» ማለት ረዘም ቢልም ያስተማምናል።

በዚህ አቅጣጫ የሚታየው ሁለተኛው ስሕተት ቋንቋን ከእናት ሐረግ ጋር ማጣመር ነው። ሐሳቡ የመጣው ቋንቋ ከእናት ይወረሳል ከሚለው የአውሮፓ ቋንቋዎች አጠራር ጭምር ይመስላል። አማርኛ በዚህ ረገድ ጠንቃቃ ነው፤ «አፍ መፍቻ» ሲል ስለ ልጁ አፍ እንጂ አፉን ስላስፈታው ሰው ማንነት አይናገርም። ቅማንትነይን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ዘለዓለም ልየው በ2003 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ የአገው ቋንቋ በአማርኛ እየተተካ ሄዶ በአረጋውያን አፍ ብቻ የቀረ ሆኗል። የቅማንት ሴቶች ለልጆቻቸው ያስተላለፉት ማይቶኮንድሪያ የአያቶቻቸው ነው፤ ያስተላለፉት አፍ መፍቻ ግን አማርኛ ነው። ለውጡ ጥቂት ትውልድ ብቻ ወስዷል። ከዛሬ ሺሕ ዓመት በኋላ የሚመጣ ቆፋሪ የሁለቱን ትውልድ አጽም ጎን ለጎን ቢያገኝ አንዳችም ለውጥ አያይም።

በቀይ ባሕር ማዶ ተቃራኒው ታሪክ ይገኛል። ቶማስ ኪቪሲልድና ባልደረቦቹ በ2004 የ270 ኢትዮጵያውያንና የ115 የመናውያንን ማይቶኮንድሪያ አነጻጽረው ነበር። በሁለቱም አገር የአፍሪካዎቹ ሐረጎችና ኤም እና ኤን የሚባሉት የአውሮፓና እስያ ሐረጎች ተቀራራቢ ድርሻ ነበራቸው። ይበልጥ የሚያስተምረው ሌላው ውጤት ነው፦ በየመን ከሚገኙት ከኤል 0 እስከ ኤል 5 ያሉ አፍሪካዊ ሐረጎች ግማሽ ያህሉ በደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ተመሳሳይ ወይም የቅርብ አቻ አላቸው፤ በኢትዮጵያ እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። ባንቱ ቋንቋዎች ከሚነገሩበት አካባቢ ብዙ ሴቶች ወደ ደቡብ ዓረቢያ መሻገራቸውን ይህ ያመለክታል፤ የባሪያ ንግድን የሚያውቅ ሁሉ መንገዱን ይገምታል። የመን ግን ዐረብኛ ተናጋሪ ሆና ቀጥላለች። የእናቶቹ ማይቶኮንድሪያ በልጆቻቸው ዘልቋል፤ የእናቶቹ ቋንቋ ግን ከነርሱ ጋር ቀርቷል። የእናት ሐረግ የቋንቋ ምልክት ነው ለሚል ሰው ከዚህ የሚከብድ ተቃራኒ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በእርግጥ ሴቶቹ የተሻገሩበት ግፍ ራሱ ቋንቋቸው ለምን እንዳልተላለፈ ያስረዳል፤ ይህን ግን የሚነግረን ታሪክ እንጂ ዲ ኤን ኤ አይደለም።

የእናት ሐረግ ስለ ፍልሰት አቅጣጫ እንኳ ብቻውን ሲጠየቅ ያወላውላል። ኤም 1 የሚባለው ሐረግ በኢትዮጵያ መገኘቱን ኪንታና ሙርቺና ባልደረቦቹ በ1999 የሰው ልጅ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ እስያ ለመውጣቱ ምልክት አድርገው ተረጎሙት። ኦሊቪየሪና ባልደረቦቿ በ2006 ያው ሐረግ ከ40,000 እስከ 45,000 ዓመታት በፊት ከደቡብ ምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ነው አሉ። የወጣና የገባ በአንድ ሐረግ! ሁለቱም ጥናቶች የተመሠረቱት በዛሬ ሰዎች ናሙና ላይ ነው፤ የዛሬ ሥርጭት ብቻውን ቀኑንና ቦታውን አይሰጥም። የጥንታዊ ዲ ኤን ኤ ታላቅ ጥቅም እዚህ ይገለጣል፤ አንድን ሐረግ ከአንድ ቦታና ከአንድ ዘመን ጋር ያስራል። ባይራ ኤል 3 ኤክስ 2 ኤ ከ4,500 ዓመት በፊት በጋሞ ደጋ እንደ ነበረ አረጋግጧል። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ጽኑ ነው። ንጽጽራዊው ሥነ ልሳን 10,000 ዓመት እንኳ ወደ ኋላ ለመሄድ የሚቸገር ስልት መሆኑ ሲታሰብ፣ የ40,000 ዓመቱን ክርክር ለአፍሮ እስያዊ መነሻ ማስረጃ የሚያደርጉ ጽሑፎች ሁለት የማይገናኙ የጊዜ ሚዛኖችን አቀላቅለዋል።

የጊዜ መቀላቀሉ ቀረብ ባለው ዘመንም ይታያል። አንድሩ ኪችንና ባልደረቦቹ በ2009 በ25 ሴማዊ ቋንቋዎች የቃላት ዝርዝር ላይ ባደረጉት ስሌት የኢትዮ ሴማዊ ቋንቋዎች ወደ አፍሪካ የገቡት ከ2,800 ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ጊዜ ነው አሉ። ፓጋኒ በ2012 አፍሪካዊ ያልሆነው የዘር ድብልቅ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ገባ አለ። ሁለቱ ቀኖች ስለ ተጠጋጉ አንድ ክንውን ተደርገው በየጽሑፉ ተጣምረዋል። ጥምረቱ ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። አንደኛ፣ ፓጋኒ ያገኘው ድብልቅ ከሴማዊ ተናጋሪዎች ባላነሰ በኩሻዊ ተናጋሪዎችም ዘንድ ይታያል፤ ሴማዊውን ከኩሻዊው የማይለይ ምልክት የሴማዊ መምጣት ምስክር ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ስኮግሉንድና ባልደረቦቹ በ2017 ከታንዛኒያው ሉክስማንዳ ያጠኑት 3,100 ዓመት ገደማ የሆነው የአርብቶ አደር አጽም 38 በመቶ ያህሉ የዘር ድርሻው ከጥንታዊ የሌቫንት ገበሬዎች ጋር የሚዛመድ ሆኖ ተገኝቷል። ድብልቁ በዚያ ዘመን ያን ያህል ወደ ደቡብ ደርሶ ከነበረ፣ በሰሜን የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ መሆን አለበት። የ3,000 ዓመቱ ቁጥር በተለያየ ጊዜ የገቡ ፍሰቶች አማካይ ቢሆን ነው የሚቀለው። የኢትዮ ሴማዊን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ከአገው ወደ አማርኛ የተላለፈው የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ከዚህ ሁሉ ቀን ይበልጥ ይናገራል፦ ቋንቋውን የተቀበሉት ብዙዎቹ ቀድሞ ሌላ ይናገሩ የነበሩ ናቸው።

ጥንታዊ ዲ ኤን ኤ ለቋንቋ ጥናት ከሰጠው ሁሉ የላቀው አገልግሎት ምናልባት «አይደለም» ማለቱ ነው። ስታንሊ አምብሮዝ በ1982 የኬንያንና የታንዛኒያን ጥንታዊ አርብቶ አደሮች በሸክላና በድንጋይ መሣሪያ ለይቶ፣ የሳቫናውን ወገን ደቡብ ኩሻዊ ተናጋሪ፣ የኤልመንቴይታን ወገን ደግሞ ደቡብ ናይሎቲክ ተናጋሪ ይሆናሉ ብሎ ነበር። ሐሳቡ የተዋሰ ቃላትን መሠረት አድርጎ ከተሠራው የቋንቋ ታሪክ ጋር ተጣጥሞ ለብዙ ዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። ሜሪ ፕሬንደርጋስትና ባልደረቦቿ በ2019 የ41 ሰዎችን ጥንታዊ ዲ ኤን ኤ ሲመረምሩ በሁለቱ የመሣሪያ ባህሎች ባለቤቶች መካከል የዘር ልዩነት አላገኙም፤ ሁለቱም የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ መጤዎችና የአካባቢው አዳኞች የተቀላቀሉበት አንድ ወገን ናቸው። የቋንቋ ካርታውን ያሰናዳው የሸክላ ካርታ ድጋፉን አጣ። ሁለት ቋንቋ ተናግረው ቢሆንስ? ሊሆን ይችላል፤ አንድ ዘር ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ዘርም አንድ ቋንቋ እንደሚናገር አሪና ቅማንት አሳይተዋል። ከእንግዲህ ግን ያን የሚል ሰው ማስረጃውን ከቋንቋው ውስጥ፣ ከድምፅ ለውጥና ከተዋሱ ቃላት ንብርብር ማምጣት ይኖርበታል።

የሚሻሻለው ነገር ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። የናሙና ሰንጠረዦች የናሙና ሰጪውን ቋንቋ፣ የአያቶቹን ቋንቋና የተወሰደበትን ቦታ ቢይዙ፣ የቋንቋ ቤተሰቡን ስም ደግሞ ምደባውን ካቀረበው ሰውና ከዓመቱ ጋር ቢጠቅሱ ክቡ ይከፈታል። በወይጦ ወንዝ ዳር ያሉት ኦንጎታዎች ቋንቋቸውን ትተው ጻማይኛ ይናገራሉ፤ የተተወው ቋንቋ ምደባም እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። ዛሬ በተለመደው ሰንጠረዥ ከነርሱ የሚወሰድ ናሙና «ኩሻዊ» ተብሎ በአንድ ቃል ይመዘገባል። በጂንካ ዙሪያ ካሉት አሪዎች የተወሰደው ናሙናም እንዲሁ በ«ኦሞአዊ» ስም መሰራጨቱን ይቀጥላል፤ ከፊቱ የጥያቄ ምልክት የሚያኖርለት እስኪገኝ ድረስ።